ስፌት ስፌትን ሲሻገር

ሱሪው ጂንስ ነበር፤ እግሩ ረዝሞብኛል። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ባሰብሁበት ዋዜማ፣ ላሊበላ ከተማ ውስጥ የስፌት መኪናቸውን አንድ በረንዳ ላይ ተክለው ለሚሠሩ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ እንዲያሳጥሩልኝ ሰጠኋቸው። ለኩ፤ ትርፉን ቆረጡ፤ ጫፉን ሁለት ጊዜ አጠፉና መርገጥ ጀመሩ። መኪናው ሜዳውን እንደ ሰጋር በቅሎ ወሰደው። የፊትና የኋላው ጨርቅ የተጋጠመበት ደንዳና መስመር ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ተለወጠ። አጉረመረመ፤ አንዱን ቀዳዳ ሦስት አራት ጊዜ ወጋ፤ ከዚያ ድንገት ዘልሎ ከወዲያ ማዶ ወረደ። ገልብጠው ሲያዩት ክሩ ከመሻገሪያው ላይ ጨርቁን ሳይዝ እንደ ገመድ ድልድይ ተንጠልጥሏል። ሰፊው አልተቆጡም። የተሰፋውን በምላጭ እየፈቱ፣ «ሜዳ ላይ ማን ይሸነፋል ብለህ ነው፣ ልጄ» አሉኝ፤ «የሚጥለው ዳገቱ ነው እንጂ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድ ጥያቄ ተከተለኝ። የመኪናው ሥራ መስፋት ነው፤ ታዲያ እንዴት ስፌት ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል? ጨርቅ ለመኪናው ባዕድ ነው፤ ሌላ ቦታ ተፈትሎ፣ ሌላ ቦታ ተሸምኖ የመጣ ነው። ባዕዱን ግን ያለ ችግር ይወጋዋል። ስፌት የወገኑ ሥራ ነው፤ ሌላ መኪና ትናንት «ይጠብቅ፣ ይያዝ» ብሎ የደረበው ነው። እንቅፋቱ ባዕዱ ጋ ይሆናል ብለን ስንጠብቅ፣ መርፌ የሚሰበረው ሌላ መርፌ ባለፈበት ቦታ ላይ ሆኖ ይገኛል። ይባስ ብሎ የመጀመሪያው ሰፊ በተጠነቀቀ መጠን ሁለተኛው ይቸገራል። የሰነፍ ሰው ስፌት ቀጭን ስለሆነ ለተከታዩ ለስላሳ መንገድ ይሆናል፤ የትጉሁ ሰው ስፌት ጉብታ ነው። ትጋት ለባለቤቱ ልብስ ዕድሜ፣ ለሚቀጥለው ሠራተኛ ፈተና የሚሆን ከሆነ፣ አጥብቆ መስፋት የምንለው ለማን ነው የጠበቀው?

ቀድሞ ከአፍ የሚወጣው መልስ «ወፍራም ስለሆነ ነዋ» የሚል ነው። እውነትም ወፍራም ነው። ጂንስ በእግሩ ውስጠኛ ጎን ሲጋጠም ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ጨርቆች አንዱ በሌላው እጥፋት ውስጥ ተቆልፎ ስለሚሰፋ፣ መገጣጠሚያው ለብቻው 4 ድርብ ነው። ጫፉ ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ ሜዳው 3 ድርብ ይሆናል፤ መገጣጠሚያው ያረፈበት ቦታ ግን ሦስት ጊዜ አራት፣ 12 ድርብ ይሆናል። መርፌው በአንድ እርምጃ ከ3 ወደ 12 ይገባል ማለት ነው። እንዲህ ሲቆጠር ጉዳዩ ያለቀለት ይመስላል፤ ወፍራም መርፌ አግባ፣ ቁጥር 14 የነበረውን በ16 ወይም በ18 ቀይር፣ ይኸው ነው። ሰፊውም ቀይረው ነበር። የቁጥር 14 መርፌ ውፍረት ዘጠኝ ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር፣ የቁጥር 18 ደግሞ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የልብስ ሰፊ ተስፋ የሚኖረው በዚህች ሁለት ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ላይ ነው። አዲሱ መርፌ አልተሰበረም፤ መኪናው ግን ያችኑ ቦታ ደግሞ ዘለላት። ስለዚህ «ወፍራም ስለሆነ» የሚለው መልስ ግማሽ መልስ ነው፤ ግማሽ መልስ ደግሞ ጥያቄውን የሚያስተኛ እንጂ የሚፈታ አይደለም።

መልሱን መፈተሽ ይቻላል። ያንኑ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር እኩል ደራርበህ፣ እግሩ ሥር እስከ ገባ ድረስ፣ ከመሐሉ ብታስጀምረው መኪናው በትክክለኛው መርፌ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ያቃስታል እንጂ አይዘልም። ውፍረቱ እዚህም አለ፤ የጠፋው ልዩነቱ ነው። ጨርቁን የሚረግጠው ብረት፣ ሰፊዎች «እግር» የሚሉት፣ እንደ ሰው እግር ጣትና ተረከዝ አለው። ጉብታው ሲመጣ ጣቱ ይወጣል፤ ተረከዙ ገና ታች ነው። እግሩ ተንጋዶ ቆመ ማለት ነው። ጨርቁን ወደ ኋላ የሚስቡት ጥርሶች ከሥር ሆነው ይነሣሉ፣ ይጎትታሉ፣ ይወርዳሉ፣ ይመለሳሉ፤ ነገር ግን የሚነክሱት ከላይ የሚጫናቸው ሲኖር ብቻ ነው። የተንጋደደ እግር በአንድ ጥግ እንጂ በሙሉ መዳፉ አይጫንም። ስለዚህ ጥርሶቹ ባዶ ያላምጣሉ፤ ጨርቁ ካለበት አይነቃነቅም፤ መርፌውም ያንኑ ቀዳዳ ይደበድባል። እንዲህ ካየነው ውፍረት የጨርቁ ጠባይ ብቻ አይደለም። ከጎኑ ካለው ጋር ያለው ዝምድና ነው። 12 ድርብ ከ12 አጠገብ ሜዳ ነው፤ ከ3 አጠገብ ዳገት ነው።

አማርኛችን ይህን ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። «ስፌት» የሚለውን ቃል ለልብስ ብቻ አልተወውምና። መሶቡም፣ ሰፌዱም፣ አገልግሉም ስፌት ነው። እናቶቻችን ከስንደዶና ከአክርማ የሚሠሩት ዕቃ ጨርቅ የሚባል ነገር የለበትም፤ አዲሱ ዙር በአሮጌው ዙር ላይ እየተወጋ፣ ከእምብርቱ እስከ ከንፈሩ መገጣጠሚያ ብቻ ነው። ሆኖም መሶብ የምትሰፋ ሴት «መገጣጠሚያው ላይ ስደርስ አስቸገረኝ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። እንዴት ትበል? ሁሉም መገጣጠሚያ በሆነበት መገጣጠሚያ የሚባል ቦታ የለም። ደግሞም ወስፌዋ አስቀድማ መንገዱን ትከፍታለች፤ አክርማው የሚከተለው በተከፈተ በር ነው። መክፈትና ማለፍ ሁለት ሥራ ናቸው፤ ለሁለቱም ጊዜ ይሰጣቸዋል። የብራና መጽሐፍ የሚጠርዝ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ከመስፋቱ በፊት ይበሳል። የመኪና መርፌ ግን ራሱ ቀዳጅ፣ ራሱ ተሸካሚ ነው፤ ፍጥነቱም ችግሩም ከዚህ ይመጣል።

የእጅ መርፌና የመኪና መርፌ ስማቸው አንድ ቢሆንም ሐሳባቸው የተለያየ ነው። የእጅ መርፌ ዓይን ከጭራው ላይ ነው። መርፌው በሙሉ ሰውነቱ ጨርቁን አልፎ ይወጣል፤ ክሩ እንደ ጓዝ ይከተለዋል። የመኪናው መርፌ ዓይን ከአፉ ጫፍ ላይ ነው። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው በ1846 እ.ኤ.አ.፣ ስሙ በአገራችን የመኪናው ሁሉ መጠሪያ እስኪመስል ድረስ የተለመደው አይዛክ ሲንጀር ደግሞ በ1851 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጡባቸው መኪኖች በዚህ በተገለበጠ መርፌ ላይ የቆሙ ነበሩ። ይህ መርፌ ጨርቁን አልፎ አይሄድም። ገብቶ በገባበት ይመለሳል፤ ክሩን ከታች ለሌላ አደራ ሰጥቶ። ከጥልቁ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲነሣ ክሩ ከጎኑ ያብጥና ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ በዚያች ቅጽበት ከሥር መንጠቆው መጥቶ ቀለበቷን ይዞ በታችኛው ክር ዙሪያ ያሳልፋታል። የላይና የታች ክር የሚገናኙት እዚያ፣ ጨርቁ ሆድ ውስጥ ነው፤ ጥሩ ስፌት የሚባለውም ቋጠሮው ከላይም ከታችም የማይታይ ነው። አንድ እጅ ይሠራው የነበረው ለሁለት ተከፍሎ፣ ሁለቱ ሳይተያዩ በቀጠሮ የሚሠሩት ሆነ።

«ዘለለ» የምንለው እንግዲህ ምንድን ነው? መርፌው አልዘለለም፤ ወርዷል፣ ወግቷል፣ ተመልሷል። መንጠቆውም አልዘገየም፤ በሰዓቱ መጥቶ ነበር። ከመካከላቸው ያጠፋ የለም፤ የቀረው ግን ስፌቱ ነው። ጉብታው ላይ እግሩ ሲንጋደድ ጨርቁ ከመርፌው ጋር አብሮ ብድግ ይላል፤ ቀለበቷ የምትፈጠረው ክሩ ጨርቁ ውስጥ ሲያዝና መርፌው ብቻውን ሲነሣ ስለሆነ፣ ጨርቁ አብሮ ከተነሣ ቀለበት የለም። ወይም መርፌው በውፍረቱ ተገፍቶ የፀጉር ውፍረት ያህል ይጎብጥና መንጠቆው አጠገቡን አልፎት ይሄዳል። እዚህ ላይ ስለ ጥፋት ያለን አስተሳሰብ ይፈተናል። አንድ ነገር ሲበላሽ የምንፈልገው ሥራውን ያልሠራውን ነው፤ ሁሉም ሥራውን ሠርቶ ሥራው የማይሠራበት ጊዜ መኖሩን ለመቀበል እንቸገራለን። መኪናውን የሚፈታ፣ መንጠቆውን የሚለውጥ፣ ክሩን የሚረግም ሰው ብዙ ነው። ጥፋቱ ግን ከዕቃዎቹ አንዱ ውስጥ አልነበረም። በመካከላቸው ባለው ክፍት ቦታ ነበር፤ ክፍት ቦታን ደግሞ በመፍቻ አጥብቆ ማሰር አይቻልም።

መርፌ ሲሰበርም እንዲሁ ነው። ጨርቁ የጠነከረበት መርፌ ተሰበረ እንላለን፤ አብዛኛውን ጊዜ የሰበረው ግን ጨርቁ አይደለም። ጨርቁ አልነቃነቅ ሲል እጃችን ሊያግዝ ይዘረጋል፤ ከኋላ ይጎትታል። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እያለ ጨርቁ ሲጎተት መርፌው ይጎብጣል፤ ጎብጦም ሲወርድ ቀዳዳውን ስቶ የታችኛውን ብረት ይመታል። የገደለው የረዳው እጅ ነው። እኔም ዝም ብዬ መቀመጥ አቅቶኝ፣ «አባቴ፣ ትንሽ ልሳብልዎት?» ብያቸው ነበር። ሰፊው ሳያዩኝ እጄን መለሱት። ዛሬም ድረስ የምደነቀው በዚህ ነው፦ ችግር ያለበት ሰው ፊት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ክፋት ይመስላል፣ መሳብ ደግሞ ደግነት፤ መርፌው ግን ደግነትን ከክፋት አይለይም፤ የሚያውቀው ቀጥ ማለትንና መጉበጥን ነው።

ታዲያ ምን አደረጉ? አስቀድመው መገጣጠሚያውን በመዶሻ ቀጠቀጡት፤ ይህ ዳገቱን የመናድ ሙከራ ነው፤ ይጠቅማል፣ ግን 12 ድርብ ቢቀጠቀጥም 12 ድርብ ነው። ከዚያ ከሱሪዬ የተረፈውን ቁራጭ አነሡ፤ ከሜዳው በኩል ጥቂት ቀደዱና አጠፉት፤ 2 ሆነ፣ 4 ሆነ፣ 8 ሆነ። መርፌው ጉብታው ጫፍ ላይ ሲደርስ ጨርቁ ውስጥ እንዳለ አቆሙት፤ እግሩን አነሡ፤ የታጠፈችውን ቁራጭ ከኋላ፣ ከተረከዙ ሥር አስገቡና እግሩን መልሰው ጣሉት። ከታች 3 ድርብ፣ ከላዩ 8፤ ተረከዙ 11 ላይ፣ ጣቱ 12 ላይ ቆመ። እግሩ ቀና አለ። ከዚያ እግራቸውን ከመርገጫው አንሥተው መዘውሩን በእጃቸው ያዙና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ አዞሩት። ከጉብታው ሲወርድ ደግሞ ቁራጯን ከኋላ አውጥተው ከፊት፣ ከጣቱ ሥር አደረጓት፤ ሲወርድ የሚጎድለው ጣቱ ነውና። መርፌው ሳይደርስባት ሳቧት። መኪናው ማጉረምረሙን ተወ።

ይህን ቀላል ዘዴ ደጋግሜ ሳስበው ግራ ያጋባኛል። ችግሩ ውፍረት ከሆነ መድኃኒቱ መቀነስ ነበር፤ ሰፊው ግን የጨመሩት ውፍረት ነው። ጉብታውን በጉብታ አዳኑት። ጉብታው ሳይነካ ጉብታነቱ ቀረ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ የመጣብኝ የመጀመሪያ ሐሳብ፣ ይህ እግሩን ማታለል ነው የሚል ነበር፤ ዳገት ላይ ሆኖ ሜዳ ላይ ያለ ያስመስሉታልና። ቆይቶ ግን ሐሳቤ ተለወጠ። ማታለል የሚሆነው የሌለውን አለ ሲሉ ነው። ቁራጯ ግን በእውነት አለች፤ ተረከዙም በእውነት ቆሞባታል። እንዲያውም የተታለለው እግሩ አስቀድሞ ነበር ማለት ይቻላል፤ በጣቱ ብቻ ቆሞ ሙሉ መዳፉን ያሳረፈ መስሎት ነበርና። ሌላው የሚገርመኝ መዘውሩ በእጅ መዞሩ ነው። መኪናው የተፈጠረው እጅን ለማሳረፍ ነው፤ ቁርጥ ባለ ሰዓት ግን ለሰባት ወይም ስምንት ስፌት ያህል ተመልሶ እጅ ይሆናል። ፍጥነት የሜዳ ጸጋ ነው፤ ዳገቱ ላይ መኪናው የራሱን አያት ይጠራል።

በማግሥቱ በዚያው ሱሪ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄድሁ። ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገን ነው፤ የመጨረሻው መንገድ በጥድ ደን ውስጥ በእግር የሚወጣ ዳገት ነው። ከንጉሥ ላሊበላ በፊት በነገሠው፣ ንግሥናንና ክህነትን አንድ ላይ በያዘው የዛጔ ንጉሥ ስም የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በትልቅ ዋሻ ውስጥ ነው። ግድግዳውን ያየ አይረሳውም፤ አንድ ረድፍ በኖራ የነጣ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት፤ እንደ ጋቢ ጥለት። ይህ የአክሱም ሰዎች የአሠራር ስልት ነው፤ ደብረ ዳሞም እንዲሁ ነው። ለዓይን ጌጥ ነው፤ ለግንበኛ ግን ሌላ ሥራ አለው። ያልተስተካከለ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ ሲሄድ ትንሿ ዝንፍታ ከፍ ባለ ቁጥር ታድጋለች። አግድም የተጋደመው እንጨት ድንጋዮቹን ያስራል፤ ጎርባጣ ጀርባቸውንም አስተካክሎ ለሚቀጥለው ረድፍ አዲስ ሜዳ ይሰጠዋል። ግድግዳው በየእንጨት ረድፉ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በግእዝ «ጠቀመ» ሰፋ ማለት ነው፤ «ጥቅም» ደግሞ ቅጥር፣ የከተማ ግንብ። እዚያ ግድግዳ ፊት ቆሜ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንዳቸውም ባዕድ አልሆኑብኝም።

ግን ምሳሌዬ እዚህ ላይ ክር ይዘላል፤ ልሸፍነው አልፈልግም። የሰፊው ቁራጭ ሥራዋን ጨርሳ ወጣች፤ የይምርሐነ ክርስቶስ እንጨት ግን ከግድግዳው አልወጣም። አንዱ ደጋፊ ሂያጅ ነው፣ ሌላው ቀሪ። ቁራጯ አብራ ብትሰፋ ኖሮ ለሚቀጥለው ሰፊ አዲስ ጉብታ በሆነች ነበር፤ እንጨቱ ቢወጣ ኖሮ ግድግዳው በተናደ ነበር። ታዲያ ደጋፊ መቼ መሄድ፣ መቼ መቅረት አለበት? ልብስ የሚታጠብ፣ የሚታጠፍ፣ ከሰውነት ጋር የሚንቀሳቀስ ነው፤ ግድግዳ ይቆማል። ለሚንቀሳቀስ ነገር የቀረ ደጋፊ ሸክም ይሆናል፤ ለሚቆም ነገር የሄደ ደጋፊ ክህደት ይሆናል። ከዚህ የተሻለ መለያ እስካሁን አላገኘሁም፤ ይህም ቢሆን የሚያረካኝ እስከ ተወሰነ ድረስ ነው፤ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ስጠይቅ ይፈርሳልና።

ስለ መገጣጠሚያ ደግሞ ላሊበላና ይምርሐነ ክርስቶስ የሚገኙበት ላስታ በጥቂት ሰዓት መንገድ ልዩነት ሁለት መልስ ይዛለች። የላሊበላዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ከወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው፤ «ወጥ» የምንለው መገጣጠሚያ የሌለውን ነው፤ የዮሐንስ ወንጌል ወታደሮቹ ዕጣ ስለተጣጣሉበት የክርስቶስ እጀ ጠባብ ሲናገር የአማርኛው መጽሐፍ የተጠቀመውም ይህንኑ ቃል ነው። ወጥ የሆነ ነገር ክብር አለው፤ ሊቀደድ አይገባውም። ግን ወጥ ሲሰነጠቅ የሚፈታ ስፌት የለውም፤ ስንጥቁ ራሱ በፈለገበት ይሄዳል። ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተወሰኑት ዛሬ በመጠለያ ጣሪያ ሥር የቆሙት አንድም በዚህ ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ ከጫፍ እስከ ጫፍ መገጣጠሚያ ነው፤ እንደ መሶብ። ከሁለቱ ምረጥ ብባል የልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ባልቀመጥ ኖሮ ወጡን እመርጥ ነበር። አሁን ግን የተጋጠመውን እመርጣለሁ።

ስመለስ ሰፊው ዘንድ ጎራ አልሁ። ያችን ቁራጭ ስጡኝ ብላቸው ሳቁና ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡኝ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት። 8 ድርብ ናት፤ ከመኪናው እግር የመጣ አንድ ረዥም ጭረት አለባት፤ የመርፌ ቀዳዳ ግን አንድም የለባትም።